ከዳቦ የተሠራው ድልድይ

ሰው ከሰው የሚገናኝበት ቦታ ብዙ ነው። የጥርስ ሐኪም በር ላይ ግን አለቃውም ምንዝሩም ጉንጩን ይዞ እኩል ይቀመጣል። ይህ ታሪክም የተጀመረው እዚያ ነው፤ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ አምስት ወንበርና ውሃ የሚያጠጣው ያጣ አንድ አበባ ባለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ።

ልጅቷ ቀድማ ገብታ ጥግ ይዛለች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ከተቀጠረች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ሥራዋ ተጫዋቾች የሚልኩትን ደብዳቤ እያነበቡ መመለስ ነው። ስትናገር ድምፅዋ ከአፏ ወጥቶ የሰው ጆሮ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ስለሚደክመው፣ ባልደረቦቿ «ሹክሹክታ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ስሙ አላስቀየማትም። እንዲያውም አንዳንድ ቀን ስልክ ስታነሳ «ሹክሹክታ ነኝ» ትላለች፤ ደዋዩ ግን አይሰማትም።

በሩ ሲከፈት ቀና አለች። ግራጫ ሻርፕ ከአገጫቸው እስከ አናታቸው ያሰሩ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ልጅቷ የራሷን ሕመም ረሳችው። የገቡት ጋሽ ደራሲ ነበሩ።

«የሰባቱ በሮች አገር» የሚባለው የኦንላይን ጨዋታ ከተፈጠረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ እዚያ አገር ውስጥ የተወለደውም የሞተውም በጋሽ ደራሲ ብዕር ነው። በየቤቱ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው፣ ለራሱ መልክና ስም መርጦ ወደዚያ አገር ይገባል፤ ገብቶም እሳቸው በጻፉት ታሪክ ውስጥ ከሌሎች ጋር ይራመዳል። የእሳቸው ቢሮ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የእሷ ምድር ቤት ነው። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ አንድም ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

ነገሩ ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል፤ ልጅቷ ግን ለጋሽ ደራሲ የሚሰጥ ደብዳቤ በቦርሳዋ ይዛ መዞር ከጀመረች ሦስት ሳምንት አልፏታል። ሦስት ጊዜ ደረጃውን ወጥታለች። ሦስቱንም ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ የጫማዋን ማሰሪያ እንደምታስር ጎንበስ ብላ ተመልሳ ወርዳለች። ጫማዋ ደግሞ ማሰሪያ የለውም። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ጋሽ ደራሲ አንድ ትእዛዝ ይፈርማሉ፤ ከተፈረመ በኋላ ደብዳቤው እንደ ባለፈው ዓመት ቀን መቁጠሪያ ነው፣ ለማንም አይጠቅምም።

ከሁለቱ መካከል አንዲት ጎልማሳ ሴት ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ሙያዋ ነው፤ ወረፋ ስትጠብቅም እጇ አያርፍም። የጋሽ ደራሲን ሻርፕ አይታ አዘነችላቸው።

«እግዜር ይማርዎ ጋሼ! የትኛው ነው?»

«የግራ መንጋጋዬ ነው፣ እመቤቴ። ሌሎቹን ጥርሶች ሁሉ ሰብስቦ ሲያሳምፅብኝ አደረ።»

«በሥራዎት አስተማሪ ነዎት? አነጋገርዎ ያስታውቃል።»

«ተረት ፈጣሪ ነኝ» አሉ ጋሽ ደራሲ። ጥርሳቸው ቢያማቸውም ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ስለ ሰባቱ በሮች አገር አንድ በአንድ አስረዷት። ሹራብ ሠሪዋም ኮምፒውተር በቤቷ ባይኖርም ነገሩ ገባት።

«እንግዲህ መጽሐፍ ነው በሉኛ፤ ሰው እግሩን ይዞ የሚገባበት መጽሐፍ።»

«ከዚህ የተሻለ የገለጸው የለም!» አሉ። «ለምሳሌ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ሽማግሌ ነበረ። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ገደልኩት።»

ሹራብ ሠሪዋ አንድ ዙር ሳተች። «ምነው ጋሼ! ሽማግሌ? ምን ቢያደርግዎት ነው?»

«ታሪኩ ጠየቀኛ! ማዕበል ተነሣ፤ ጀልባው ከእሱ ጋር ሰጠመ። ሊሰጥም ሲል ምን አለ መሰለሽ? ‹ከእንግዲህ ይህን ወንዝ የሚያሻግር የለም› አለ። አገር አለቀሰ! ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሰባተኛው ምዕራፍ ነው፤ የጠፋው ደወል። ደወሉ ጋ የደረሰ ሰው የሚሰማውን ቃል ለመጻፍ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። እስከ ዛሬ የምስጋና ደብዳቤ ይመጣልኛል።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ሰው እርስዎ ያሉትን ብቻ እየሠራ ይኖራል? ከራሱ የሚጨምረው የለውም?»

ጋሽ ደራሲ ጉንጫቸውን ለቀው ከወንበራቸው ሊነሡ ምንም አልቀራቸው።

«ይጨምራል እንጂ! ምን እንደሚጨምር ልንገርሽ? ዳቦ! ወንዙ ውስጥ ዳቦ ይጥሉልኛል! እኔ ያንን ወንዝ ስጽፍ ጨረቃ እንደ መስተዋት የምትታይበት አድርጌ ነው የጻፍኩት፤ እነሱ ሁለት መቶ አርባ ዳቦ ደረደሩበት። በየሰኞው ጠዋት መሬትም ውሃም ላይ የተጣለ ዕቃ ሁሉ እንዲጠረግ አድርጌያለሁ። ሰኞ ቀትር ላይ ዳቦው ተመልሶ ቁጭ! አሁን ግን አበቃ። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት እፈርማለሁ። ከነገ ጀምሮ ማንም የትም ምንም ቢጥል በዚያው ቅጽበት ይጠፋል። እገላገላለሁ!»

«ይቅርታ፣ ጋሼ...»

ማንም አልሰማም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ...»

«ልጅቷ አንድ ነገር እያለች ነው» አለች ሹራብ ሠሪዋ።

«ማነሽ ልጄ?»

«የእርስዎ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ምድር ቤት። ደብዳቤ የምመልሰው እኔ ነኝ።»

«የእኛ? አይቼሽ አላውቅም።»

«እኔ አይቼዎታለሁ» አለች፤ እንዲህ ብላም ደነገጠች። «ዳቦው... ዳቦው ቆሻሻ አይደለም ለማለት ነው። ተጫዋቾች ከራሳቸው የሠሩት ነገር ነው። እንዲህ የሚሠሩትን ብንከለክል ብዙ ሰው እናጣለን።»

ጋሽ ደራሲ በትሕትና ግን ከላይ ወደ ታች አዩዋት። «ስሚኝ ልጄ። ዩኒቨርሲቲ ተምረሻል፤ ያስታውቃል። እኔ ደግሞ ሕይወት ያስተማረኝ ነኝ። ተረት አንድ አፍ ይበቃዋል። ለሁሉም ብዕር ብትሰጪው አንዱ ስድብ ይጽፋል፣ ሌላው የጎረቤቱን ስም እያነሣ ያማል፣ ሦስተኛው ከአንበሳ የሚበልጥ ዶሮ ይፈጥርና በአንድ ቀን አገሩን ይጨርሰዋል። እንዲህ አይሆንም ትያለሽ?»

«ይሆናል» አለች ልጅቷ።

እሳቸው ክርክር ጠብቀው ነበርና ግራ ተጋቡ። «ይሆናል ካልሽማ አለቀ።»

«ስንዴ ውስጥ እንክርዳድ ይበቅላል ተብሎ እርሻ አይዘጋም፣ ጋሼ። ወንፊት ይዘጋጃል።»

«ማን ነው የሚነፋው? አንቺ?» ጮክ ብለው ሳቁ፤ ሳቁም ጥርሳቸውን ነካውና «ዋይ!» አሉ። የቀረውን ክርክር ግን በድምፅ ብልጫ አሸነፉ። ልጅቷ አንድ ቃል ስትጀምር እሳቸው ሦስት ይጨርሳሉ። በመጨረሻ እንደ ልማዷ ዝም አለች። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እውነትም አይገባም። በተዘጋ አፍ በኩል የሚቀር ብዙ ነገር እንዳለ ግን ተረቱን የተረተው ሰው አላሰበበትም።

ሐኪሙ በሩን ከፈተና ጋሽ ደራሲን ጠራቸው። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆዩ። ሲወጡ ሻርፑ እጃቸው ላይ ነበር፣ አፋቸው ውስጥ ደግሞ አንድ እፍኝ የሚያህል ጥጥ።

«ግማሽ ሰዓት ጥጡን ነክሰው እዚሁ ይቀመጡልኝ» አለ ሐኪሙ። «አንድ ቃል እንዳይተነፍሱ! ከተናገሩ ደሙ አይቆምም። እስከ ማታ ድረስም ወሬ ይቀንሱ። እናንተ ደግሞ ዕቃዎቹን እስካጸዳ ትንሽ ታገሡኝ።» በሩ ተዘጋ።

ሹራብ ሠሪዋ አንዴ ጋሽ ደራሲን፣ አንዴ ልጅቷን አየችና መርፌዋን በጉንጯ ላይ አሳርፋ ፈገግ አለች።

«በይ እንግዲህ አንቺ ልጅ፤ እግዜር አፋቸውን ይዞልሻል። ግማሽ ሰዓት አለሽ።»

ልጅቷ ቦርሳዋን ጨበጠች። ከዚህ በኋላ ሦስተኛ ፎቅ የለም፣ የምታስረውም የጫማ ማሰሪያ የለም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ብጠይቅዎ... መጻፍ ይችላሉ አይደል?»

ጋሽ ደራሲ እስክሪብቶ ሳይዙ ከቤት ወጥተው አያውቁም። የቀጠሮ ካርዳቸውን ገልብጠው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና «ጠይቂ» በሚል እጃቸውን ዘረጉ።

«የሰባተኛው ምዕራፍ ደወል የት ነው ያለው?»

«ከወንዙ ማዶ፣ ኮረብታው ላይ» ብለው ጻፉ።

«ሰዉ ወደ ማዶ በምን ይሻገራል?»

«በጀልባ።»

«ቀዛፊው ማን ነው?»

እስክሪብቶው ወረደ። «ሽማ» ብሎ ጀመረና ቆመ።

«እንዴ!» አለች ሹራብ ሠሪዋ። «ገደልኩት አላሉም እንዴ ቅድም? ጀልባውም አብሮት ሰጠመ አላሉም?»

ጋሽ ደራሲ ሁለቱንም ተራ በተራ አዩ። ከዚያ በፍጥነት «ዋና» ብለው ጻፉ።

«ወንዙ ውስጥ አዞ ያስገቡት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ። አርባ አዞ።»

«በሰሜን በኩል» ብለው ሲጽፉ፣ «ገደል ነው» አለች ልጅቷ በጣም ቀስ ብላ፤ «እሱንም የጻፉት...»

እጃቸውን አነሡ፤ በቃኝ ማለታቸው ነው።

እንዲህ ያለ ስሕተት ለዓመታት በር ዘግቶ የሚጽፍ ሰው ካልሆነ በቀር ማንም አይሠራውም። ደግሞም የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በሙሉ ወደ ጨዋታው ሲገቡ በእግር አይሄዱም፤ የፈለጉትን ቦታ ስም ይጽፋሉ፣ እዚያው ይገኛሉ። ሰባተኛው ምዕራፍ ሲመረመርም መርማሪው በቀጥታ ደወሉ ሥር ነው የቆመው። ወንዙን በእግሩ መጥቶ ያየ አንድም ሰው በቢሮው ውስጥ አልነበረም።

«ምዕራፉ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆነው» ብላ ቀጠለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን የሚያቋርጣት ስላልነበረ እስከ መጨረሻው ደረሰ። «የመጀመሪያዎቹን አሥራ ዘጠኝ ቀናት የተሻገረ ሰው የለም። ‹መሻገሪያው የት ነው?› የሚል ደብዳቤ ጎረፈ። ያኔ በእኔ ቦታ የነበረው ሰው ለሁሉም አንድ መልስ ነው የሰጠው። ‹እባክዎ ታሪኩን በጥንቃቄ ያንብቡ› ብሎ። መዝገብ ቤት አግኝቼ አንብቤዋለሁ።»

ሹራብ ሠሪዋ ሳቋን በሹራቡ አፈነችው።

«ከዚያ አንድ ተጫዋች ከአዞ ሲሸሽ ከያዘው ከረጢት ዳቦ ወደቀበት። ዳቦው አልሰጠመም። ሰውየው ዘሎ ወጣበት፤ እሱም አልሰጠመም። ይህን ያየች አንዲት ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነበረች። እሷ ናት ሰዉን የሰበሰበችው። አንድ ሰው መጣል የሚችለው አሥር ዳቦ ብቻ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ሁለት መቶ አርባ ይፈልጋል። ስለዚህ ሃያ አራት ሰው በተራ ይቆማል። የሰኞው ጽዳት ጠርጎት ሲሄድ በቀትር እንደገና ይደረድሩታል። መቶ ሰኞ አልፏቸዋል።»

ጋሽ ደራሲ ቀስ ብለው ጻፉ፦ «ደወሉ ጋ ደርሰው ያመሰገኑኝ ሰዎችስ?»

«ሁሉም ዳቦ ላይ ተራምደው ነው የመጡልዎት፣ ጋሼ።»

እውነት ስትነገር ሁልጊዜ አትጮህም። በዚያች ክፍል ውስጥ ከመርፌ ድምፅ ብዙም አልበለጠችም፤ ሽማግሌው ግን አንገታቸውን ደፉ። ልጅቷ እንዳሳፈረቻቸው ገብቷት ቶሎ ብላ ሌላውን አነሣች።

«እርስዎን ለመንቀፍ አይደለም። ቤትዎ ድግስ ቢኖር የሚመጣው ሰው አንድ ዓይነት ነው? አንዱ ለመብላት ይመጣል፤ አንዱ ለመጨፈር። አንዱ ጥግ ይዞ ለማውራት፤ አንዱ ቤትዎን ዞር ዞር ብሎ ለማየት።»

«አንዱ ደግሞ ለማማት!» አለች ሹራብ ሠሪዋ።

«ለማማትም» አለች ልጅቷ። «ጨዋታውም እንዲሁ ነው። እኔ ጋ የሚመጡት ደብዳቤዎች አንዱ ‹ጠላት አበዙልን› ይላል፤ ሌላው ‹ጠላት ቀንሱልን፣ አበባ ለቅሜ ልሂድበት› ይላል። አንዱ ማንም ያልረገጠውን ዋሻ ይፈልጋል። አንዷ ደግሞ በቀን አንድ ሰዓት ገብታ ከጓደኞቿ ጋር ታወራለች እንጂ አንድም ምዕራፍ ጨርሳ አታውቅም። እርስዎ አንድ ሰው ነዎት። ስምንት ወር የደከሙበትን ምዕራፍ ፈጣኑ ተጫዋች በአራት ቀን ይጨርሰዋል፤ ከዚያ ‹ሌላ የለም?› ብሎ ይጽፍልኛል። ይህን ሁሉ ዓይነት ሰው በአንድ እጅ ማጥገብ አይቻልም። እነሱ ግን እርስ በርስ ይጠጋገባሉ። ዳቦውን የሚያመጡት ዕቃ መሰብሰብ የሚወዱት ናቸው። አዞውን የሚመክቱት ውጊያ የሚወዱት ናቸው። ወንዙ የሚጠብበትን ቦታ ያገኙት ዋሻ ፈላጊዎቹ ናቸው። ያቺ ወሬ የምትወደዋ ደግሞ ድልድዩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አዲስ የመጣውን ‹አይዞህ፣ መሃል መሃሉን ርገጥ› ትላለች። ማንም አላዘዛቸውም።»

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አለች ሹራብ ሠሪዋ። ከዚያ ወደ ጋሽ ደራሲ ዞራ ሹራቡን ዘረጋችው። «እኔም ልንገርዎት ጋሼ። በፊት የሠራሁትን ሹራብ ሰው ወስዶ ክንዱን ሲያስረዝም፣ ቁልፉን ሲቀይር ደሜ ይፈላ ነበር። ‹አበላሹብኝ!› እል ነበር። አንድ ቀን ባሌ ‹አንቺ ነሽ የምትለብሺው?› አለኝ። ቂም ያዝኩበት፤ ግን እውነቱን ነው። አሁን ምን አደርጋለሁ? ይኸው፣ ክንዱ ውስጥ ትርፍ ክር አስቀራለሁ። ማስረዘም የፈለገ ያስረዝምበታል። እመኑኝ፣ ከዚያ ወዲህ ደንበኛዬ በዛ።»

ጋሽ ደራሲ ክሩን በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉት። ከዚያ ካርዱ ላይ አንዲት ቃል ብቻ ጻፉ። ፊደሏ በጣም ትንሽ ስለነበረች ልጅቷ ለማንበብ ጎንበስ አለች።

«እኔስ?» ይላል።

ለካ የክርክሩ ሁሉ ሥር ይህ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አገር የፈጠረ ሰው፣ ሁሉም ፈጣሪ ከሆነ የእኔ ወንበር የት ነው ብሎ መፍራቱ አያስነቅፍም። ልጅቷም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትፈራ ሰው ዓይን ውስጥ አየች።

«ወንዙን የፈጠሩት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ወንዝ ባይኖር ማን ድልድይ ይሠራል? ከማዶ ያ ደወል ባይኖርስ ሰው ለምን ብሎ ይሻገራል? በሁለት ዓመት ውስጥ መቶ ጊዜ ዳቦ የደረደሩት እርስዎ የጻፉትን ቃል ለመስማት ነው። ለእኔ ከምስጋና ደብዳቤው ሁሉ ይህ ይበልጣል።»

ጋሽ ደራሲ ጥጡን ነክሰው ወደ ደረቀው አበባ ዞሩ። አፍንጫቸውን በሻርፑ ጠረጉ። ሹራብ ሠሪዋ የሹራቧን ዙር መቁጠር ጀመረች፤ ሰው ሲያለቅስ ማየት እንደማይገባ ታውቃለች።

ያኔ ነው ልጅቷ ደብዳቤውን ያወጣችው። ሦስት ሳምንት ቦርሳ ውስጥ ከርሞ ጥጉ ተጣጥፏል። ጋሽ ደራሲ ተቀብለው አነበቡት። አዋላጇ እንዲህ ብላ ነበር የጻፈችው፦

«ለምትመልሺልኝ ልጅ። ዕቃ መጣል ሊከለከል ነው ሲባል ሰማን። እኔ አርባ ዓመት ሰው ከወዲያ ወደ ወዲህ ሳሻግር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ጡረታ ስወጣ እጄ ሥራ ፈታ። ይህን ድልድይ ሳገኝ ዕድሜዬ ተቀጠለ። ያ ታሪኩን የሚጽፈው ሰው እንዳይቀየመን ንገሪልን። ቀዛፊውን ስለገደለብን አልተቀየምነውም። ከቻለ ዳቦውን ይተውልን።»

ጋሽ ደራሲ ካርዱ ሞልቶባቸው ጠርዙ ላይ ጻፉ፦ «በዘጠኝ ሰዓት አብረሽኝ ትገቢያለሽ። እኔ መናገር አልችልም።»

«እኔም እኮ አልችልም፣ ጋሼ!»

«እስካሁን ምን ስታደርጊ ነበር?» ብለው ጻፉ።

ልጅቷ ጥርሷን ለሐኪሙ ሳታሳይ ከጋሽ ደራሲ ጋር ወጣች። ሐኪሙ በሩን ከፍቶ «ተራሽ ነው» ሲል የተቀመጠችው ሹራብ ሠሪዋ ብቻ ነበረች። «እሷ ተሽሏታል» አለችው፤ «ሲናገሩ የሚለቅ ሕመም ነበር።» ያልተመረመረ ጥርስ ግን በወሬ አይድንምና፣ ልጅቷ ሐሙስ ዕለት ተመልሳ አስሞላችው።

በዘጠኝ ሰዓት ስብሰባው ላይ ሥራ አስኪያጇ፣ አራት የክፍል ኃላፊዎችና የሶፍትዌር ባለሙያዎቹ አለቃ ተቀምጠው ነበር። ጋሽ ደራሲ አፋቸውን እያሳዩ ልጅቷን ወደፊት ገፋ አደረጓት። ስትጀምር ማንም አልሰማትም። ሥራ አስኪያጇ ማራገቢያውን አስጠፋች፤ አንዱ መስኮቱን ዘጋ፤ የሶፍትዌሩ አለቃ ወንበሩን ሳበ። ዝቅ ብሎ የሚናገር ሰው አንድ ጥቅም አለው፤ ሰሚው ወደ እሱ መጠጋት ግድ ይሆንበታል።

የወንዙን ነገር ስትጨርስ ሳቁ ኮሪደር ድረስ ተሰማ። ጋሽ ደራሲም ጉንጫቸውን ይዘው ሳቁ።

«መልካም» አለ የሶፍትዌሩ አለቃ ዓይኑን እየጠረገ። «ግን ሰዉ የፈለገውን እንዲሠራ ብንፈቅድ ከአንበሳ የሚበልጠው ዶሮ መምጣቱ አይቀርም።»

«ለእሱ አንድ ሰፈር እንስጠው» አለች ልጅቷ። «ማንም የፈጠረውን ታሪክ፣ ቤት ወይም ጨዋታ መጀመሪያ እዚያ ያስቀምጥ። ደስ ያለው ገብቶ ይሞክረው። ሃምሳ ሰው ሞክሮ የወደደው ከተጫዋቾች ወደተመረጡ አንባቢዎች ይለፍ። ከእነሱ ያለፈውን ጋሼ ያንብቡትና ከአገሩ ታሪክ ጋር ያስማሙት። የሠሪው ስምም ይጻፍበት። ስድብ የጻፈ ይወጣል። ዶሮውም ከሰፈሩ ሳይወጣ ይኑር።»

ሁሉም ወደ ጋሽ ደራሲ ዞሩ። እሳቸው የትእዛዙን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ፤ ገለበጡትና በጀርባው ላይ በትልልቅ ፊደል «ትርፍ ክር እናስቀር» ብለው ጻፉ። ነገሩን ያስረዳችው ልጅቷ ናት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት አልፏል። በተጫዋቾች ሰፈር ዘጠኝ መቶ ያህል ሥራ ቀርቦ ሠላሳ አንዱ ወደ አገሩ ገብቷል። ከቀረው ውስጥ እንክርዳዱ ብዙ ነው፤ አንዱማ በር ከፍተው ሲገቡ ሌላ በር፣ እሱን ሲከፍቱ ሌላ በር ብቻ የሆነ ታሪክ ነበር። ከሠላሳ አንዱ መካከል ግን ጋሽ ደራሲ አንብበው «ይህን እኔ ብጽፈው!» ያሉት አለ። ተዋጊው ተዋጊ የሠራለትን ጦር ሜዳ አገኘ፤ አበባ ለቃሚው ጠላት የሌለበት ሸለቆ አገኘ። «ሌላ የለም?» የሚለው ደብዳቤ ከምድር ቤት ጠፍቶ «ይህን ሠራሁ፣ እዩልኝ» የሚል ተተካ። ጋሽ ደራሲ በዓመት የሚጽፉት ምዕራፍ በቁጥር ቀነሰ፣ በጣዕም ጨመረ። በየምዕራፉም አንድ ነገር ሳይጨርሱ ይተዋሉ፤ ጣሪያ የሌለው ቤት፣ ስም የሌለው ሕፃን፣ መልስ የሌለው ጥያቄ። ተጫዋቾቹ ይጨርሱታል። ምክር የሚሰማ ሽማግሌና አፍ የሚከፍት ወጣት ባሉበት ቤት እንዲህ ያለ በረከት አይጠፋም።

ድልድዩስ? ድርጅቱ ስሕተቱን ሊያርም ፈልጎ ከድንጋይ የተሠራ ድልድይ እሰጣለሁ አለ፤ የሰኞውንም ጽዳት እተዋለሁ አለ። አዋላጇ በማግሥቱ መለሰች፦ «ድንጋዩን ለሌላ ወንዝ አድርጉት። ጽዳቱንም እንዳትነኩብን! ካልጠረጋችሁት ሰኞ በቀትር ለምን እንገናኛለን?»

ባለፈው ሰኞ አንድ አዲስ ተጫዋች ወንዙ ዳር ደረሰ። ከመጀመሪያው በር ጀምሮ በእግሩ ነው የመጣው፤ አሥራ ሁለት ቀን ፈጅቶበታል። ሁለት ጊዜ አዞ በልቶታል። ስሙን «ትርፍ ክር» ብሎ አስመዝግቧል፤ አሥር ዳቦ ይዞ ተራውን እየጠበቀ ነው። ሹክሹክታ ከምድር ቤት መጥታ አራተኛ ፎቅ ላይ ከጋሽ ደራሲ ወንበር ጀርባ ቆማለች፤ አሁን ደረጃውን ስትወጣ ጎንበስ አትልም።

አዲሱ ተጫዋች ዳቦዎቹን አንድ በአንድ ደረደረ። አሥረኛውን እንዳስቀመጠ የአዋላጇ ድምፅ ከወዲያ መጣ።

«አንተ አዲሱ! ዳቦህ ተጣሟል! ሰው ይወድቅበታል፤ አስተካክለው!»

ጋሽ ደራሲን በዚያ አገር ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አንተ ብሏቸው አያውቅም። እጃቸውን ከኮምፒውተሩ ላይ አንሥተው ወደ ልጅቷ ዞሩ፤ ዓይናቸው እንደ ሕፃን ዓይን በርቷል። ከዚያ ተመልሰው ዳቦውን አስተካከሉና ለአዋላጇ ጻፉላት፦

«ይቅርታ፣ እትዬ። ለወንዙ አዲስ ነኝ።»